ሁለት ዓይነት ቁጫጭ ወጥ ቤቴን ወሮታል፤ ኃይለኛው መርዝ የቱ ነው?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ የስኳር ዕቃው ላይ ተሰልፈዋል። አንዳንዶቹ ሁለመናቸው ቢጫ ነው፤ ሌሎቹ ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። እነዚህኛዎቹ ስለሚያንሱ የቢጫዎቹ ልጆች ይመስሉኛል። ትናንት መርዝ ነፋሁባቸው፤ ዛሬ በሌላ ግድግዳ በኩል ብቅ አሉ።

የማታ አንባቢ፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ ይድፈኑት።

አጉሊ መነጽር፦ ልጆች አይደሉም። እጮቹ እግር ስለሌላቸው ከጎሬ አይወጡም፤ ሙሉ ቁጫጭ ከሆኑ በኋላ ደግሞ አያድጉም። ያዩት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን ነው። ቢጫው ስዊድናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሊኔየስ በ1758 ስም ያወጣለት የፈርዖን ቁጫጭ ይመስላል፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወገቡ ላይ ሁለት ጉብታ አለው፤ መስመሩን ጠብቆ ይሄዳል፤ በግድግዳ ውስጥ ሙቀት ያለበትን ቦታ ይወዳል። ባለጥቁር ጭንቅላቱ የመንፈስ ቁጫጭ የሚባለው ነው፤ ሲነኩት በየአቅጣጫው ይራወጣል፤ በአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥም ይሰፍራል። በጣት ቢያሹት የተበላሸ ኮኮናት ይሸታል።

የጓሮ ሰው፦ ስኳሩን ለቁጫጮቹ ለቀው እርስዎ ማር ይግዙ!

የማታ አንባቢ፦ ሲሚንቶ ነው መፍትሔው።

ቀስ በቀስ፦ ሲሚንቶ ጎሬውን አይነካም። ጥያቄው ራሱም መስተካከል አለበት፤ ኃይለኛ መርዝ መፈለግ ነው ችግሩን ያባባሰው። ሁለቱም በአንድ ጎሬ ብዙ ንግሥቶች አሏቸው። በተለይ የፈርዖን ቁጫጭ መርዝ ሲነፋበት ሠራተኞቹ እጮችን ተሸክመው ይሰደዱና ሌላ ጎሬ ይመሠርታሉ። ቀስ ብሎ የሚሠራ ማባበያ ያቅርቡላቸው፦ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ስኳር፣ 1 ግራም ቦሪክ አሲድ (መርዙ ይህ ነጭ ዱቄት ነው)። ከዚህ ከበዛ ሠራተኞቹ ወደ ንግሥቶቹ ሳያደርሱት ይሞታሉ።

ጠያቂ፦ አሸሁት፤ ባለጥቁር ጭንቅላቱ በእርግጥ ሸተተ፤ ቢጫው አልሸተተም። ታዲያ ለሁለቱም ያው ማባበያ ይበቃል?

አጉሊ መነጽር፦ ለመንፈስ ቁጫጭ ይበቃል፤ ከተክል ቅማል የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያሳድድ ማሰሮዎቹንም ይፈትሹ። የፈርዖኑ ግን ጣፋጭ ሲሰለቸው ወደ ሥጋና ቅባት ይዞራል፤ ለእርሱ የፕሮቲን ማባበያ እያፈራረቁ ያስቀምጡ።

ቀስ በቀስ፦ መስመራቸው ላይ ያስቀምጡት፤ አጠገቡ መርዝ አይንፉ። በመጀመሪያ ቁጥራቸው ቢበዛ አይደንግጡ፤ እየወሰዱት ነው። ልጅና እንስሳ ከማይደርስበት ይሁን፤ ሳምንታት ይፈጃል።