«ሰውን መሃል ያቆመ ገና አልተማረም» ይባላል እንዴ?

የጅሬን ልጅ፦ ሰሞኑን እዚሁ ጅማ የፎቶ ሥልጠና ገብቼ ነበር። ያሳየሁት ፎቶ የእናቴ ነው። ጅሬን ያለው አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሰገነቱ ሥር ቆማለች። ግራና ቀኟ የእንጨት ምሰሶ፣ እሷ መሃል። አሠልጣኙ አንዴ አየውና «ሰውን መሃል ያቆመ ገና አልተማረም» ብሎ ወደ ሌላው አለፈ። ለምን እንዲህ እንዳነሳሁ እንኳ አልጠየቀኝም። የሲሶን ሕግ አውቃለሁ እኮ፣ ፍሬሙን በቁመትም በአግድምም ሦስት ቦታ ከፍለህ ዋናውን ነገር መስመሮቹ ላይ አድርግ የሚለውን! አውቄ ነው የተውኩት።

ሠርግ አንሺ፦ ወንድሜ አትከፋ፣ ግን ሰውዬው ልክ ነው። ጀማሪ ሁሉ ሙሽራዋን መሃል ይገትራታል። ፎከስ ነጥቡ መሃል ስለሆነ ፊቷን እዚያ አድርጎ ይጫናል። ከዚያ ከጭንቅላቷ በላይ ግማሽ ፍሬም ባዶ ሰማይ፣ እግሯ ደግሞ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተቆርጦ ይወጣል። ከዚህ ልማድ የሚያላቅቅህ ሕጉ ነው።

ሠዓሊው፦ እኔን ያበሳጨኝ «ገና አልተማረም» የምትለዋ ናት። ማን ነው ያልተማረው? የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እዩ። እመቤታችን መሃል፣ ፊት ለፊት፣ ዓይኗ አንተ ላይ ነው። ቅዱሱን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን የሚሥሉ ሰዎች መሃልን ሳያውቁ መረጡት?

ሠርግ አንሺ፦ ሥዕል ሌላ፣ ካሜራ ሌላ።

ሠዓሊው፦ ያንተም ሕግ ከሥዕል ነው የመጣው! ጆን ቶማስ ስሚዝ የሚባል እንግሊዛዊ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር ሥዕል ሲጽፍ ነው ስሙን ያወጣለት። ፎቶግራፍ ገና አልተፈጠረም። ጉዳዩም ሰማዩ ሁለት ሲሶ ከያዘ መሬቱ አንዱን ይያዝ፣ ወይም በተቃራኒው ይሁን የሚል ነው። ሰው መሃል አይቁም ያለ የለም።

የሒርማታዋ፦ ቆይ፣ የጅማ ፎቶ ሁልጊዜ ጅሬን ብቻ ነው? ሐሙስ ገበያ ኑ። እዚያ ግርግር ውስጥ ሲሶው በጣም ረድቶኛል። የቡና ማድረቂያ አልጋም አለላችሁ። ጫፉ ላይ ዝቅ ብላችሁ ብታነሱ የአልጋው ጠርዝ ዓይናችሁን እየመራ ለቀማ ላይ ያለችው ሴትዮ ዘንድ ያደርሳችኋል።

የጅሬን ልጅ፦ እህቴ፣ ያነሳሁት እናቴን ነው፣ ከተማውን አይደለም።

የሒርማታዋ፦ እናትህን ለማንሳት ቤተ መንግሥት ግድ ነው?

የጅሬን ልጅ፦ አዎ፣ ለእኔ ግድ ነው። ልጅ ሆኜ እጄን ይዛ የወሰደችኝ ቦታ ነው።

ቪዲዮ ሠሪው፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ቃለ መጠይቅ ስቀርጽ ሰውዬው ወደ ቀኝ ካየ ግራ ላይ አስቀምጠውና በሚያይበት በኩል ቦታ እተውለታለሁ። እዚያ ሲሶ ይሠራል። ለሞባይል በቁመት ስቀርጽ ግን ፍሬሙ ጠባብ ነው፣ ወደ ጎን ብወስደው ትከሻው ይቆረጣል። ስለዚህ መሃል አቆመዋለሁ፣ ዓይኑን ግን የላይኛው መስመር ላይ አደርጋለሁ። የጅሬን ልጅ፣ እስቲ የእናትህን ዓይን እይ።

የጅሬን ልጅ፦ ግሪድ፣ ማለት የሲሶ መስመሮቹን፣ ከፍቼ አየሁት። ልክ የላይኛው መስመር ላይ ነው! እጆቿን አጣምራለች፣ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ወደ ጎን ባደርጋት አንዱ ምሰሶ ይጠፋ ነበር።

ሠዓሊው፦ በሉ እንግዲህ፣ ማን ነው ያልተማረው?

ሠርግ አንሺ፦ ዓይኗ ጥሩ ነው። እግሯስ?

የጅሬን ልጅ፦ ትንሽ ተቆርጧል።

ሠርግ አንሺ፦ የት ጋ?

የጅሬን ልጅ፦ ቁርጭምጭሚቷ ላይ።

ሠርግ አንሺ፦ እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩህ!

ሠዓሊው፦ ሰውዬው ስለ እግር አንዲት ቃል አልተናገረም። «መሃል» ነው ያለው። በእሱ ነው መልስ ያጣችሁት።