የኤፍ-5 ክንፌ የዳማ ገበታ ሆነብኝ፤ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያ) ከያዝኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። የምሠራው የኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄት የፕላስቲክ ሞዴል ነው፣ መጠኑ የእውነተኛው 1/72፤ ያው በ1969 ዓ.ም. ክረምት አየር ኃይላችን ኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተናነቀበት ዓይነት።

ችግሬ ጥላው ላይ ነው፤ ማለትም መጋጠሚያዎቹ ላይ ከሥር በስሱ እንዲታይ የሚቀባው ጥቁር። ግራጫ ፕራይመር (የመጀመሪያ መደብ ቀለም) ቀባሁ፣ የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮቹን በጥቁር ተከተልኩ፣ ከዚያ ዋናውን ቀለም ከላይ ነፋሁበት። ሳሳ ሳደርገው ክንፉ የዳማ ገበታ መሰለ። ትንሽ ስደግመው ደግሞ የጥቁሩ ድራሹ ጠፋ። መሃሉን ማግኘት አቃተኝ።

ቀለሙ አክሪሊክ ነው፤ ከቲነር (ማቅጠኛ) ጋር እኩል በእኩል ቀላቅዬ በ20 ፒኤስአይ የአየር ግፊት እረጫለሁ። ኖዝሌ፣ ማለትም ቀለሙ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ 0.3 ሚሊሜትር ነው። ቀረብ ብዬ ቀጭን መስመር ልሠራ ስል ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል። ራቅ ስል ደርቆ ያርፍና አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የኤርብራሹ መርፌ ጫፍ ላይም ቀለሙ በየአምስት ደቂቃው ይደርቃል፤ በጥጥ ስጠርግ ነው የምውለው። ፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ስለማመድ ግን ጥሩ ይወጣል። ምን ጉድ ነው!

ግፊቱን ወደ 12 ላውርደው ወይስ ቀለሙን ላቅጥነው? ወይስ ጥቁሩን እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ ዋናውን ቀለም ከቀባሁ በኋላ መሃል መሃሉን በነጣ ባለ ቀለም ላድምቀው? የክንፉን ቀለም ገና አጥቤ አላስለቀቅኩትም፤ መልሳችሁን እየጠበቅኩ ነው።