ማታ ማታ ሳማ እንደነካው ሰው ያሳክከኛል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ማታ ላይ ወገቤና ጭኔ ላይ ሳማ የለበለበኝ ይመስል ቀይ እብጠት ይወጣብኛል። ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል። ጠዋት ድራሹ ይጠፋል፤ ለሐኪም እንኳ የማሳየው የለኝም። እናቴ «እንቁላል ተዪ፣ በርበሬ ተዪ» ብላ አልጫ ላይ ጥላኛለች። ለውጥ ግን የለም።

የጉለሌዋ፦ እኔንም ይዞኝ ነበር እህቴ። መርፌ ወጉኝና በአንዴ ጠፋልኝ። ሂጂና ተወጊ።

ነርሱ፦ ኧረ በመርፌ አትቸኩሉ! ያ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ለጊዜው ያስታግሳል። እየደጋገሙ ሲወጉት ግን ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል።
የነገርሽን ኡርቲካሪያ የሚባል የቆዳ ሽፍታ ይመስላል። አንዱ እብጠት 24 ሰዓት ሳይሞላው ይከስምና ሌላ ቦታ ይወጣል። ማታ ሲወጣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ክበቢው፣ ፎቶም አንሺው። በነጋታው ማታም እዚያው ካለ፣ ከማሳከክ ይልቅ ካመመሽ ወይም በልዞ ከቀረ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው።

አዳነች ከሐዋሳ፦ ምግቡስ?

ነርሱ፦ ከ6 ሳምንት ያለፈ ከሆነ ምግብ መንስኤው የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከበሉ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በ2 ሰዓት ገደማ ይታወቃል። እንቁላሉን ብዪ። ይልቅ ቆዳን ሲጫን ሊያስነሳው ስለሚችል ጠበቅ ያለ ቀበቶና የሱሪ ላስቲክ አላልተሽ እዪ።

ጠያቂ፦ ለወገብ ሕመሜ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እወስዳለሁ። እሱስ?

ፋርማሲስቷ፦ እሱን መጀመሪያ መናገር ነበረብሽ! ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ሽፍታውን ሊያባብሱት ይችላሉ። ያዘዘልሽን ሐኪም አማክሪና በፓራሲታሞል ይቀየርልሽ። ለሽፍታው ሴትሪዚን የሚባል የአለርጂ ክኒን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይወሰዳል። ሲያሳክክሽ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ኩላሊትሽን የሚያምሽ ከሆነ ግን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ካልበቃሽ ሐኪም እስከ 4 እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ በራስሽ አትጨምሪ።

የጉለሌዋ፦ እኔ አንዴ ከንፈሬም አብጦ ነበር።

ነርሱ፦ ይሄ በዋዛ አይታለፍም። ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ክኒን ውጦ መጠበቅ የለም። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ፎቶውን እዚህ እለጥፋለሁ።