ዛንዚባር ከእናቴና ከልጆቼ ጋር፦ የቱን ላስቀድም?

ጤና ይስጥልኝ። የፒያሳ ነዋሪ ነኝ። በነሐሴ ከዝናቡ ሸሽተን ከነቤተሰቤ ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ የጉብኝቱ ቅደም ተከተል ግን ግራ አጋብቶኛል።

ትንሹ ልጄ ቻንጉ ደሴት ያሉትን ግዙፍ ኤሊዎች ካላየሁ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል፤ ከጀልባ ስትወርድ ውኃ ውስጥ መራመድ ይኖርባት ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የተመዘገበችው የስቶን ታውን (የዛንዚባር አሮጌዋ ከተማ) ጠባብ መንገዶችስ ይመቿታል? ወይስ ቀያይ ጉሬዛዎች (የእኛዎቹ ዘመዶች) ያሉበት የጆዛኒ ደን ይሻላል?

ለመዋኛ ሰሜኑን ኑንግዊን መርጫለሁ፤ በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ ርቆ ሲሸሽ ልጆቹ አሸዋ ላይ ተገትረው ሊቀሩ ነው። ሌላው ጭንቀቴ ፍልሰታ ነው፤ እናቴ ዓሣ አትቀምስም። የጾም ምግብ የት ይገኛል? ከአዛውንትና ከሕፃን ጋር የሄዳችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።