ክርክር፦ ቀን ቆጥሮ ተስፋ መስጠት እምነት ነው?

ጥያቄውን ያነሳሁት፦ ሰላም የኮዬ ፈጬ ጎረቤቶች። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አለንበት፣ በጨዋ ደንብ እንነጋገር። እሁድ ለታ አንድ ሰባኪ «በሁለት ዓመት ውስጥ አገሪቱ ትፈወሳለች፣ ማንም እንዳይሰደድ» ሲል ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። እኔ ግን ኤርምያስ 28 ትዝ አለኝ። ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያም ያኔ በሁለት ዓመት የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ሞተ። ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ምርኮኞች 70 ዓመት ነው ብሎ ጻፈላቸው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ላላችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ አላቸው። ተስፋ የሰጣቸው ኤርምያስ ነው ባይ ነኝ።

ሚኒባስ ነጂው፦ ወንድሜ፣ እኔ 41 ዓመቴ ነው። 70 ዓመት ብትለኝ ምን ይፈይድልኛል? ነዳጅ ሰልፍ ላይ አድሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ያቺ «ሁለት ዓመት» የምትለዋ ቃል ሳምንቱን ታሻግረኛለች። ለምን ትነጥቀኛለህ?

ጥያቄውን ያነሳሁት፦ ሳምንቱን ታሻግርህ ይሆናል። ሁለቱ ዓመት ሲያልፍስ? ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ «ይቺ ዓመት ብቻ ትለፍ» ስንባባል ስንት ጊዜያችን ነው? አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ያለ ቃል ተቀብሎ ሥራውን ለቀቀ፣ ቪዛ ሲጠብቅ ከረመ። ቪዛው አልመጣም። ዛሬ የእግዚአብሔርን ስም ስትጠራበት ፊቱን ያዞራል።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ልግባ መሰለኝ። የእኛ ሰው ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ ደጅ መጥናት። ድሮ ርስቱን የተነጠቀ ሰው ስንቁን ቋጥሮ መጥቶ ከሹም ደጅ ወራት ይከርም ነበር። ጠዋት ጠዋት እጅ ይነሳል። መቼ እንደሚጠራ አያውቅም፣ ግን አንድ ቀን አይቀርም፤ በቀረበት ቀን ቢጠራስ! መዝሙር 39 (በእናንተ በጴንጤዎቹ ቁጥር 40) «ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት» የሚለው ይህንን ነው። በጸሎተ ሃይማኖትም «ንሴፎ» (ተስፋ እናደርጋለን) እንላለን፣ የ«ተስፋ» ዘመድ ነው። የምንሴፈው የሙታንን ትንሣኤ ነው እንጂ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አይደለም።

የአራተኛ ፎቋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን። መታገሥ የሚባለው ነገር ቤቱ ለሞላለት ሰው ይቀላል። ወንድሜ ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች። እሷን ደጅ ጥኚ ልበላት? በራእይ 6 ላይ ከመሠዊያው በታች ያሉት ሰማዕታት እኮ «እስከ መቼ» ብለው ጮኸዋል። ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት ቆዩ ተባሉ። ለምን ጮኻችሁ ያላቸው ግን የለም። እናንተ ግን ሰው ገና አፉን ሲከፍት ጥቅስ ታጎርሱታላችሁ።

ጡረተኛው፦ ልክ ብለሻል ልጄ። እናትሽን ሰላም በይልኝ። ነገ ብቅ እላለሁ።

ጥያቄውን ያነሳሁት፦ እዚህ ጋ እኔም ተረታሁ። ጩኸቱን ረስቼዋለሁ። ግን ለእናትሽ «በዚህ ቀን ይመጣል» የሚላት ሰው ቢመጣ ምን ትይዋለሽ?

የአራተኛ ፎቋ፦ መጥቶ ያውቃል። ቀን ቆርጦ ነገራት። ያን ቀን ዶሮ ሠርታ ጠበቀች። ሌላ አትጠይቁኝ።

ተማሪው፦ እህቴ አይዞሽ። እኔ ኤርምያስ 32ን እጨምራለሁ። ነቢዩ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል፣ ከተማዋ ተከብባለች። እሱ ግን በዓናቶት በ17 ሰቅል ብር እርሻ ገዛ። የውሉን ወረቀት ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ጠላት በያዘው መሬት ላይ! (የሰፈራችን ደላሎች እንኳ እንዲህ ያለ ቦታ ለመሸጥ ያፍራሉ።)

ሚኒባስ ነጂው፦ እሱን «ግዛ» ያለው እግዚአብሔር ነው። እኔን ማን አለኝ? የቤት ኪራይ ጨመረ እንጂ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም።

ተማሪው፦ እሱስ እውነት ነው። ብቻ በተሰሎንቄ ሥራ ትተው የተቀመጡትን ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ አላቸው።

ሚኒባስ ነጂው፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳን ሰው ሥራ ልታስተምረው ነው? እኔ እየሠራሁ ነው የምጠብቀው። የሚጠቅመኝ ደግሞ የሚያጽናና ቃል ነው። ሐናንያ ዋሽቷል፣ እሺ። እናንተ ግን በእሱ ፈንታ ምን ሰጣችሁኝ?

ጥያቄውን ያነሳሁት፦ የምሰጥህ ቀን የለኝም። ውሃችንን አስበው። ፈረቃው መቼ እንደሆነ የሚነግረን የለም፣ ሲያሻው በሌሊት ይመጣል። ጄሪካኑን አጥቦ ደርድሮ፣ ቧንቧውን ከፍቶ የተኛ ይሞላል። «ሐሙስ ነው» ብለውት ረቡዕ ማታ የዘጋው ግን...

የአራተኛ ፎቋ፦ ይቅርታ ላቋርጥ፣ ታች ብሎክ ውሃ መጥቷል!

ሚኒባስ ነጂው፦ የእኛንም ጄሪካን በር ላይ አውጡልኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ክርክሩን ግን አልጨረስኩም።