የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ተቆረጠ፤ የእናቴ ኤስኤስአይ ደግሞ በእቁብ ገንዘብ ምክንያት ሊቆም ነው

ጥያቄ፦ የወይዘሮዋ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፣ ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2026

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ፤ ግማሹን ደብቄ ትክክለኛ መልስ አላገኝም።

በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። እስከ ገና ድረስ በሳምንት 36 ሰዓት እሠራ ነበር። ከጃንዋሪ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የሚወጣልኝ 18 ሰዓት ብቻ ነው። አላባረሩኝም፤ «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላሉ። ደንበኛው ራሱ ሒሳቡን የሚከፍልባቸው ማሽኖች ግን ከአራት ወደ አሥር ከፍ ብለዋል። በሰዓት የሚከፈለኝ 17 ዶላር ከ65 ሳንቲም፣ ማለትም የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። ስድስት ዓመት ሠርቼ! የቤት ኪራይ ከመብራትና ከጋዝ ጋር 2,100 ዶላር ነው። አብረውኝ የሚኖሩት የ11 ዓመት ልጄና የ74 ዓመት እናቴ ናቸው። እናቴ ዜግነት አላት፤ ኤስኤስአይ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ ታገኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል የባንክ ሒሳቡን የከፈትነው በሁለታችን ስም ነው። የእርሷ ኤስኤስአይም የእኔ ደመወዝም የሚገባው እዚያው ነው። በወር 300 ዶላር የምንጥልበት የ24 ሰው እቁብ አለኝ። ኖቬምበር ላይ ዘጠነኛው እጣ ደረሰኝና 7,200 ዶላሩን እዚያው አስገባሁት። ከፊሉን ለመኪናዬ ጥገና አውጥቼ የቀረውን ሰዓቴ ሲቀንስ ለክፉ ቀን ብዬ አልነካሁትም።

ትናንት ከሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ቀኑ ፌብሩዋሪ 9 ይላል። እናቴ ከተፈቀደላት 2,000 ዶላር በላይ ስለያዘች ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የተከፈላት 1,970 ዶላር እንዲመለስና ከማርች ጀምሮ ክፍያው እንዲቆም ተወስኗል። ገንዘቡ የእርሷ አይደለም። እንዲያውም ሙሉ በሙሉ የእኔም አይደለም፤ ገና 12 ወር እቁብ መጣል አለብኝ። እናቴ ደብዳቤውን ካነበብኩላት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ «ሌባ አሉኝ?» እያለች ነው።

ምን ላድርግ? ሰዓቱ ለተቆረጠብኝስ አንዳች የሚደረግልኝ ነገር አለ?

መልስ፦ ታክሲ ነጂው (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ አይዞሽ። ሰኞ በጠዋት ገንዘቡን አውጪና በአጎት ወይም በጓደኛ ስም አስቀምጪው። ባዶ ሒሳብ ካዩ ይተዉሻል። እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

መልስ፦ ወረቀት አዋቂዋ

ታክሲ ነጂው ወንድሜ፣ ልብህ ደግ ነው፤ ምክርህ ግን ሰው ያስቀጣል። ገንዘቡ የእናትየዋ ነው ተብሎ በተመዘገበበት ሰዓት ለሌላ ሰው ከተላለፈ «ሀብት ያለዋጋ ሰጠች» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ 36 ወር ወደኋላ ሄዶ ያያል፤ ቅጣቱም ኤስኤስአይን እስከ 36 ወር ሊያስከለክል ይችላል። የማን ገንዘብ እንደሆነ ሳይመዘገብ አንድ ዶላር እንዳታሸሺ።

ለአረጋውያን ወገኖቻችን ቅጽ ስሞላ ዓመታት አልፈዋል፤ በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይመጣብኛል። ምንጩ እቁቡ አይደለም፤ በባንኩ ሒሳብ ላይ ያለው ስም ነው። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰው ስሙ ባለበት የጋራ ሒሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ የእርሱ እንደሆነ ይገመታል። የሚቆጠረውም በየወሩ መባቻ ባለው መጠን ነው። በአንቺ ሒሳብ በዲሴምበር 1፣ በጃንዋሪ 1 እና በፌብሩዋሪ 1 ከ2,000 በላይ አገኙበት፤ ሦስቱ ወራት የመጡት ከዚያ ነው።

የ2,000 ዶላሩን ነገር ካነሣን፣ ሕጉ በ1972 ሲወጣ ጣሪያው 1,500 ነበር። 2,000 የደረሰው በ1989 ሲሆን ከዚያ ወዲህ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረበትም። በዚያ ዓመት የተወለደ ሰው ዛሬ የልጆች አባት ነው። እናትሽ ሌባ አይደሉም፤ ሕጉ ነው ያረጀው። ይህንን ንገሪያቸውና ምሳ ይብሉ።

ግምት ነው አልኩሽ፤ ግምት ደግሞ በማስረጃ ይፈርሳል። ቅጽ 2574 የሚባለው ለጋራ ሒሳብ የተዘጋጀ ነው። አንቺም እናትሽም ለየብቻ ትፈርማላችሁ፦ ሒሳቡ ለምን በጋራ ተከፈተ፣ ማን ያስገባል፣ ማን ያወጣል፣ የትኛው ገንዘብ የማን ነው። የባንኩን ዝርዝር አያይዢ፤ ከኖቬምበር ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ካለው ጊዜ ጀምሮ ቢሆን ይሻላል። ደመወዝሽ ሲገባ፣ ኤስኤስአዩ ሲገባ፣ 7,200ው ሲገባ በቀለም አስምሪበት። ከዚያ ሒሳቡን ለዩት። የእናትሽ ገንዘብ በእናትሽ ስም ብቻ፣ የአንቺም በአንቺ ስም ብቻ ይሁን። ገንዘቡ የአንቺ መሆኑ ከተረጋገጠ ለአለፉትም ወራት ከእናትሽ ላይ አይቆጠርም፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ሀብት በወላጅ ላይ አይደመርምና።

የጊዜው ነገር ግን ያሳስበኛል። ይግባኙ በቅጽ 561 ነው፤ 60 ቀን አለሽ። ነገር ግን ክፍያው ሳይቋረጥ ጉዳዩ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደብዳቤው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ። ደብዳቤው ከተጻፈበት በአምስተኛው ቀን እንደደረሰ ስለሚቆጠር እስከ ፌብሩዋሪ 24 ማለት ነው። ሰኞ የፕሬዚዳንቶች ቀን ነው፤ ቢሮው ዝግ ነው። ማክሰኞ ሄዳችሁ አስገቡ፤ «ተቀብለናል» የሚል ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ።

ይግባኙ ባይሳካ እንኳ ቅጽ 632 አለ፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የምከፍለውም የለኝም ብሎ ዕዳው እንዲሰረዝ መጠየቂያ ነው። እርሱም ቢከለከል ከኤስኤስአይ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በወር ከ10 በመቶ አይበልጥም።

መልስ፦ የእቁብ ጸሐፊ (ሲያትል)

እኔ ለ30 እቁብተኞች ጸሐፊ ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ከዳኛውና ከጸሐፊው የሚሰጥሽ ወረቀት እነዚህን ይያዝ፦ እቁቡ የተጀመረበት ቀን፣ የአባላት ብዛት፣ በየወሩ የሚጣለው መጠን፣ አባሏ አንቺ እንጂ እናትሽ አለመሆናቸው፣ እጣው የደረሰሽ ቀን፣ የቀረብሽ ክፍያ። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ አያይዢ። የእጅ ጽሑፍ ቢሆንም አትፈሪ፤ እንዲያውም በየወሩ በተለያየ እስክሪብቶ የተጻፈ መዝገብ ትናንት ተተይቦ ከወጣ ወረቀት ይልቅ ይታመናል። የሌሎቹን አባላት ስም ግን ሸፍኚ፤ ከእነርሱም መካከል ኤስኤስአይ የሚቀበል ዘመድ ያለው ይኖራል።

መልስ፦ ካሸር ነበርኩ (ሃያትስቪል)

ስለ ሰዓቱ ማንም አልመለሰልሽምና እኔ ልሞክር። የሥራ አጥ ክፍያ ለተባረረ ሰው ብቻ ይመስለናል። በሜሪላንድ ግን አሠሪው ሰዓት ሲቀንስም በከፊል ይከፈላል። እኔም ሳላውቅ አምስት ወር አሳልፌበታለሁ፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሳምንታዊ ድጎማሽ ብዙ ያገኘሽበት የሦስት ወር ገቢ ለ24 ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ36 ሰዓት 8,260 ገደማ አግኝተሻል፤ ለ24 ሲካፈል 344 ይሆናል። አሁን በ18 ሰዓት በሳምንት የምታገኚው 317 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነው። ከዚያ የመጀመሪያው 50 ዶላር አይቆጠርም፤ የቀረው 267 ከ70 ከ344 ላይ ይቀነሳል። 76 ዶላር ይተርፍሻል፤ ለልጅሽ 8 ይጨመራል። በሳምንት 84 ገደማ ነው። ትንሽ ናት፤ በወር ግን የመብራቱንና የጋዙን ትሸፍናለች።

ቢከን በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ዛሬውኑ አመልክቺ፤ ያላመለከትሽበት ሳምንት ወደኋላ ተመልሶ አይከፈልም። በየሳምንቱ ያገኘሽውን ደመወዝ ሳትደብቂ ሙዪ። ደግሞ አለቃሽ «ሰዓቱ የቀነሰው በጥያቄሽ ነው» የሚል ወረቀት ቢያመጣልሽ እንዳትፈርሚ። እኔ ላይ ሞክረውታል።

መልስ፦ እናትም ሠራተኛም (ዋሽንግተን ዲሲ)

ፉድ ስታምፕም (የምግብ መግዣ ድጎማ) አመልክቺ፣ ግን ተጠንቀቂ። በጁላይ 2025 በወጣው አዲስ ሕግ መሠረት እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው በወር 80 ሰዓት ካልሠራ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። በሳምንት 18 ሰዓት በወር ሲሰላ 78 ገደማ ነው። በሁለት ሰዓት ልትወድቂ ነው!

መልስ፦ ወረቀት አዋቂዋ

እህቴ እናትም ሠራተኛም፣ ሕጉን በትክክል ጠቅሰሻል፤ ለጠያቂዋ ግን አይመለከታትም። ዕድሜው ከ14 በታች የሆነ ልጅ የምታሳድግ ከዚያ ግዴታ ነፃ ናት፤ ልጇ 11 ዓመቱ ነው። ልጅ ባይኖራትም በሳምንት ቢያንስ 217 ዶላር ከ50 የሚያገኝ ሰው፣ ማለትም የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ በ30 ሲባዛ የሚመጣውን፣ ሰዓቱ ቢያንስም ነፃ ነው። ሰዓታቸው የተቆረጠባቸው ስንት ሰዎች ይህችን ባለማወቅ ማመልከቻቸውን ራሳቸው ትተዋል! በማመልከቻው ላይ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ደመወዙንም በጉልህ ጻፉ።

የባንክ ገንዘብ ነገር ደግሞ በሜሪላንድ ለአብዛኛው የፉድ ስታምፕ አመልካች አይጠየቅም። ለአዋቂዎች የሚሰጠው ሜዲኬድም (የመንግሥት የጤና መድን) ዕድሜው ከ65 በታች ከሆነ ገቢ እንጂ ቁጠባ አያይም። ሰዓትሽ በመቀነሱ የአሠሪሽ የጤና መድን ቢቋረጥብሽ እዚያ አመልክቺ። ስለዚህ እቁብሽ የሚያስፈራው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በኤስኤስአይ በር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ የኪራይ ድርሻ ይከፍላሉ? እንዲመለስ የተጠየቀው ገንዘብ በወር 660 አካባቢ ስለሚመስል ነው።

የወይዘሮዋ ልጅ

አይከፍሉም። እናቴን ኪራይ ላስከፍላት? ሰው ምን ይለኛል?

መልስ፦ ወረቀት አዋቂዋ

ገምቼ ነበር። ሰው የሚለውን ለሰው ተዪው። የዚህ ዓመት ሙሉ ኤስኤስአይ 994 ዶላር ነው። በሌላ ሰው ቤት ያለኪራይ የሚኖር ሰው ሲሶው ይቀነስበታል፤ ለዚህ ነው 662 ከ67 የሚደርሳቸው። ከ2,100ው ድርሻቸውን፣ ማለትም 700 ዶላር በየወሩ በእርግጥ የሚከፍሉ ከሆነ ቅነሳው ይነሣል። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ ምግብ ከዚህ ሒሳብ ወጥቷል፤ እንጀራውን ብታበያቸው ማንም አይቆጥርብሽም። ለቤታችሁ በወር 331 ዶላር ይጨመራል፤ ፉድ ስታምፑ በዚያ ምክንያት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። አከፋፈሉ ከእርሳቸው ሒሳብ ወደ አንቺ ሒሳብ በባንክ ይሁን፤ አጭር ስምምነትም ጻፉ። ለውጡን ለመሥሪያ ቤቱ የምታሳውቁት እስከሚቀጥለው ወር 10ኛ ቀን ነው።

መልስ፦ የእቁብ ጸሐፊ

ስለ እድርም ላክል። ለቀብር ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ እስከ 1,500 ዶላር ከ2,000ው ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ገንዘብ እንዳይቀላቀል ብቻ። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ለዚያ ቀን ማስቀመጥ የሚያሳፍር ነገር አይደለምና።

መልስ፦ ታክሲ ነጂው

ተምሬያለሁ፤ ምክሬን አንሥቻለሁ። ማክሰኞ ሥራ የለኝም፤ ማመላለስ ካስፈለገ እኔ አለሁ። ኤብል የሚባል ከ2,000ው በላይ የሚቆጠብበት ሒሳብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለእናትየው አይሆንም?

መልስ፦ ወረቀት አዋቂዋ

አይሆንም፤ ኤብል አካል ጉዳቱ ከ46 ዓመት በፊት ለጀመረው ሰው ነው። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እንዲያውም ከ26 በፊት ነበር። እርሳቸው የሚያገኙት በዕድሜ ነው።

የወይዘሮዋ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ በቢከን አመለከትኩ። የእቁቡ ዳኛ ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወረቀቱን ሊሰጡኝ ነው፤ የሚጽፉት ግን በአማርኛ ነው። ማክሰኞ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ እንዲያስተረጉምልን ልውሰደው ወይ? እኔ እንግሊዝኛዬ ለገበያ እንጂ ለቢሮ አይሆንም።

መልስ፦ ወረቀት አዋቂዋ

ልጁን ትምህርት ቤት ላኪው። በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ገና በሩ ላይ «አማርኛ» በይ፣ በስልክ ያገናኟችኋል። የዳኛውንም ወረቀት በአማርኛ እንዳለ አስገቢው፤ መተርጎሙ የእነርሱ ሥራ ነው። ሦስቱን ቅጾች ሞልቼ አዘጋጃለሁ፤ እናትሽና አንቺ የምትፈርሙበትን ቦታ ብቻ ክፍት እተዋለሁ።

እናትሽ በሉ?

የወይዘሮዋ ልጅ

ሽሮ አቀረብኩላት። 1989ን ነገርኳትና ስቃ ሁለት ጊዜ ጎረሰች።