ጥቆማ፦ ለጎማ ባላንስ የትኛው ማሽን፣ የትኛው እርሳስ?

ጠያቂ፦ መኪናው ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በታች ሰላም ነው። ባላንስ (የጎማውን ክብደት በዙሪያው ማመጣጠን) የሚሠራ ጎሚስታ በምን ይመረጣል? እርሳሱስ (ቸርኬው ላይ የሚታሰረው ማመጣጠኛ ክብደት) የሚለጠፈው ይሻላል ወይስ የሚቆነጥጠው?

መላሽ፦ የገለጽከው ፍጥነት ባላንስን ያስጠረጥራል። መሪው ላይ ከተሰማህ የፊት ጎማ ነው፣ ወንበሩ ላይ ከሆነ የኋላው። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከመጣ ግን ዲስኩን አሳይ። ወደ አንድ ጎን መሳብና ጎማ በአንድ ጠርዝ መበላት የአላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ የማስተካከል) ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካላሠራህ ብሎ የሚይዝህን ጎሚስታ እለፈው። 20 ግራም የክብደት ልዩነት ብትናቅም በ15 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 3 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ትጎትታለች፤ አቅጣጫዋም በሰከንድ 14 ጊዜ ያህል ይዞራል።

ሌላ መላሽ፦ በአረፋ ውሃ ልክ የሚመዝነውን ተወው። ጎማው ሳይሽከረከር ስለሚለካ የውስጡንና የውጩን ጎን ልዩነት አያይም። የሚያሽከረክረው ኮምፒዩተር ያለው ማሽን ለአብዛኛው መኪና ይበቃል። ጎማውን በሮለር እየተጫነ የሚለካ ማሽን የሚያስፈልገው ባላንስ ተደጋግሞ ተሠርቶ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ነው።

ከማሽኑ ይልቅ ግን ሠራተኛውን እይ። አሮጌውን እርሳስ ነቅሎ፣ ቸርኬው ውስጥ የደረቀውን ጭቃ ጠርጎ ይጀምራል? በመካከለኛው ቀዳዳ ልክ የሆነ ኮን (ቸርኬውን ዘንጉ መሃል ላይ የሚይዝ ሾጣጣ ማሰሪያ) መርጦ ያስራል? የቸርኬውን ስፋትና ከማሽኑ ያለውን ርቀት ለክቶ ያስገባል ወይስ በግምት? ሁለቱም ጎን 0 ካሳየ በኋላ ጎማውን ፈቶ፣ ዘንጉ ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ እንዲያስርና እንደገና እንዲያሽከረክር ጠይቀው። ከ10 ግራም በላይ ካመጣ ወይ አስተሳሰሩ ወይ ማሽኑ ተዛብቷል። ብዙ ማሽን ከ5 ግራም በታች ያለውን 0 ብሎ እንደሚያልፍም እወቅ።

ሦስተኛ መላሽ፦ ለብረት ቸርኬ የሚቆነጥጠው፤ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ አይወድቅም። አሉሚኒየም ላይ ቀለሙን ይልጥና ብረቱ ከዚያ መበላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ከውስጥ የሚለጠፈውን ምረጥ። ቦታው በአልኮል ተጠርጎ ካልደረቀ መኪናው በታጠበ ማግስት ይረግፋል። ከፍሬኑ ካሊፐር ጋር እንዳይነካካም ጎማውን በእጅ አዙረህ እይ።

ማሽኑ በአንድ ጎን ከ60 ግራም በላይ ከጠየቀ እርሳስ መደርደር መፍትሔ አይደለም። ጎማው ከቸርኬው ተላቆ ግማሽ ዙር ይዙር። አዲስ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ከነፋስ መሙያው አጠገብ ይሁን፤ ቀላሉ ጎን እሱ ነው። ይህም ካልረዳ ቸርኬው ጠሞ ወይም ጎማው ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ ለባላንስ ተብሎ ጎማ ውስጥ የሚጨመረው ትናንሽ ፍሬና ፈሳሽስ?

ሦስተኛ መላሽ፦ ፍሬው ለከባድ መኪና ይሁን፤ ለቤት መኪና አልመክርም። ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ እንዲያውም መኪናው ሲቆም ታች ይጠራቀምና ባላንሱን ያበላሻል።

መላሽ፦ ሲገጠም የሚበላሸውም ብዙ ነው። የሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ዝገት በብሩሽ ይጠረግ፤ ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መጨረሻ ላይ የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቁ። ቸርኬው ኦሪጅናል ካልሆነና መካከለኛ ቀዳዳው ከሞዞው ከሰፋ የመሙያ ቀለበት ግዛ፤ ያለ እሱ ማሽኑ 0 ያለው ጎማ መንገድ ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከዚህ በኋላም ካልተወ ኩሽኔታውንና የመሪውን ቴስታ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ) አስፈትሽ።